«ማነው የነካው?» ባዩ ባሽመሐንዲስ

አንድ ነገር ሲበላሽ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ተጠርጣሪ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ቤት፣ ሕንፃ ወይም መሥሪያ ቤት ፈጣሪ በምድር ላይ አላቆመም። ቧንቧ ቢፈነዳ ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ቆሞ ይጠይቃል እንጂ አይዘጋውም። አምፖል ቢቃጠል ጨለማው ውስጥ ችሎት ይሰይማል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው፤ ምናልባት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችሁ፤ ምናልባትም፣ ፈጣሪ ይሁናችሁና፣ ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ አል-በህነሲ ይባላሉ። እስክንድርያ ውስጥ ብሎን የጨበጠ ሁሉ ባሽመሐንዲስ፣ ዋና መሐንዲስ ማለት ነው፣ መባሉ ባይቀርም፣ እሳቸው ማዕረጉን እንደ ካፖርት ደርበውት ነበር የሚሄዱት። ክቡርነታቸው በአዛሪታ፣ የባሕሩ ጨው ግድግዳውን እንደ ምስጥ በጎረደመው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰርቨራችን ጠባቂ፣ የሽቦዎቻችን አባት፣ የጥፋታችንም ሁሉ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ኖረዋል። መሣሪያቸው አንድ ጥቁር ደብተርና አንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ ነበር። ከዚያ በተረፈ አንድ ጥያቄ፦ «ማነው የነካው?»

እኔ እዚያ ቤት የስልክ ሰው ነኝ። እኛ የምንሠራው መድኃኒት ቤቶች በጠርሙስ ላይ የሚለጥፉትን የአወሳሰድ መለያ የሚያትም ፕሮግራም ነው፤ ከአቡ ቂር እስከ ዐጀሚ መቶ አርባ መድኃኒት ቤት ይጠቀምበታል። ፕሮግራሙ እንቢ ሲላቸው የሚያለቅሱት ለእኔ ነው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ሲያለቅሱ የሰማሁትን ያህል ብቻ ነው፤ ስለ ሰው ግን ትንሽ አውቃለሁ፤ ባሽመሐንዲስ ሩሽዲን ደግሞ ከበቂ በላይ።

አንድ ጠዋት የሻይ ውሃ ማፍያው አልሞቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሶኬቱን ያያል። እሳቸው በሩን ዘጉ።

«ማነው የነካው?»

ሻይ የሚያፈላልን ዓም ሸሐታ፣ ጋሽ ሸሐታ እንደማለት ነው፣ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ ባሽመሐንዲስ። ሥራዬ መንካት ነው።»

«ካንተ በፊትስ?»

«ከእኔ በፊት ፋብሪካው።»

ይህም በአረንጓዴ ተጻፈ። ምርመራው እስከ ቀትር ተጓዘ፤ አሥራ አንድ ሰው ቃሉን ሰጠ። በመጨረሻ ማፍያው ከነጭራሹ እንዳልተሰካ ታወቀ። ሁላችንም ተገላገልን ብለን ስንነሳ ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «እሺ» አሉ፤ «ማነው የነቀለው?»

ሌላ ጊዜ የሙሐረም ቤይ ሰፈር አንዲት ፋርማሲስት ማተሚያዋ ሞቶባት እያለቀሰች ደወለች። ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ዶክተር፣ ማነው የነካው?» አሏት። «ባለቤቴ ትናንት ቀለም ቀይሮ ነበር» አለች። «አቅርቢው» አሉ። ሰውየው ቀረበ፤ ተጠየቀ፤ ካደ፤ እንደገና ተጠየቀ። ማተሚያው የዚያኑ ቀን በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ ባልና ሚስቱ ግን ለሁለት ሳምንት እንዳልተነጋገሩ በኋላ ነገረችኝ። ይህን ለባሽመሐንዲስ ሳጫውታቸው አዘኑ። ያዘኑት ሰውየው ጥፋቱን ሳያምን በመቅረቱ ነው።

ሥራችን ውስጥ ደግሞ ለእሳቸው ዓይነቱ ሰው ከሰማይ የወረደ የሚመስል አንድ ነገር አለ። የኮዱ መዝገብ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት መስመር ብትቀየር ማን እንደቀየራት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደቀየራት መዝገቡ ይዞ ያስቀምጣል። ይህን ለማየት የሚጻፈው ትዕዛዝ፣ በአማርኛ ቢባል፣ «ውቀስ» ማለት ነው። እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ ዓለም በሙሉ እንዲያ ነው የሚለው። ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ይህን ትዕዛዝ የተማሩ ዕለት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቀው፣ የተጠየቀው ሳያንገራግር መለሰላቸው።

በዚህ መዝገብ ደጃፍ ላይ ዘበኛ ነበረን። ዘበኛ የምንለው ትንንሽ ስክሪፕቶችን ነው፦ ሰው አዲስ ሥራ ይዞ ወደ መዝገቡ ሲመጣ ከእንቅልፋቸው ይነሳሉ፤ የመጣውን ይፈትሻሉ፤ የመድኃኒት መጠን ሠንጠረዡን የሚያዛባ ነገር ካገኙ «ተመለስ» ይላሉ። ሕንፃ ያለ ዘበኛ፣ መዝገብም ያለ ዘበኛ አይሆንም። ዘበኛው ራሱ ግን መዝገቡ ውስጥ አልነበረም። በር የሚጠብቅ ሰው ስሙ ከተከራዮች ዝርዝር አይገባም፤ የእኛም እንዲሁ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በእጁ ጽፎ ደጃፉ ላይ አቁሞታል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም «ስምህ ማነው?» ብሎት አያውቅም።

እስክንድርያ ማዕበሎቿን በስም ነው የምትጠራው፤ መክነሳ የሚባለው አልፎ ቃሲም የሚባለው ሳይገባ፣ ሥራ አስኪያጃችን ሀዚም ቤይ ሰርቨሩ ይዛወር አሉ። አሮጌው ሰርቨር የቀድሞ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍስ ነበር። አዲሱ ማናችንም ያላየነው ብርዳም አገር ያለ፣ በኪራይ የሚገኝ ማሽን ነው። ዝውውሩ ለናግላ ተሰጠ። ናግላ በየቀኑ ከደመንሁር በባቡር የምትመላለስ፣ የሦስት ወር ሙከራዋ ሊያበቃ ሳምንታት የቀራት ልጅ ናት። ዓርብና ቅዳሜ ሰው በሌለበት ሁሉንም አጋዘችው። እሑድ ጠዋት ስንገባ ሁሉ ነገር ይሠራል። አጨበጨብንላት።

ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ብቻ ተክዘው ቆዩ። «ምንም አልተበላሸም?» አሉ፣ ለቅሶ ደርሶ ሟቹን በሕይወት እንዳገኘ ሰው።

ለአሥር ቀን ዘበኛው አንድም ሰው አልመለሰም። እኛ በኮድ አጻጻፍ የተሻሻልን መሰለን።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከባኮስ ሰፈር ፋርማሲስቷ ዶክተር ሚርቫት ደወለችልኝ። ሚርቫት ጤናሽን፣ ቤትሽን፣ እናትሽን ሳትጠይቅ ወደ ነገሯ የማትገባ ሴት ናት። ያን ቀን ሰላምታ አልነበራትም።

«ኢንቲሳር፣ ለሕፃን ሽሮፕ መለያ አተምኩ። ሁለት ተኩል ሚሊ ነው ያልኩት። የወጣው ሃያ አምስት ነው።»

«ነጥቧ ጠፍታ ነው?»

«ነጥቧ ጠፍታ ነው ትለኛለች! ልጁ ስምንት ወሩ ነው እኮ፣ ኢንቲሳር።»

«ሰጠሽው?»

«እናትየዋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታው በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ጠርቼ መለስኳት። ለምን እንደጠራኋት አሁንም አላውቅም።»

በስልኩ ውስጥ የሱቋ በር ደወል ሲንቃጨል ይሰማኝ ነበር።

ለውጡ ወደ መድኃኒት ቤቶቹ የወረደው ያን ዕለት ጠዋት ነበርና ቶሎ አስቆምነው። መቶ አርባውንም አንድ በአንድ ደወልኩላቸው፤ የተጎዳ የለም። ነጥቧን የጣለው ማን እንደሆነ መዝገቡ ወዲያው ተናገረ፤ ግን ጉዳዩ እሱ አልነበረም። ሰው ይሳሳታል፤ ዘበኛ የቆመውም ለዚያ ነው። ጥያቄው ዘበኛው የት ነበር የሚለው ነው። ሲታይ፣ ከተዛወርን ጀምሮ ዘበኛው ማንንም አልፈተሸም። በሩ ወለል ብሎ ከርሟል።

ሀዚም ቤይ ከአምስተኛ ፎቅ ወረዱ። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ቢያነሱ ይሻል ነበር።

«ነገ ስድስት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ስም እፈልጋለሁ። ኮሚቴ አይደለም፣ ማብራሪያ አይደለም። አንድ ስም። ከእሑድ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ሰው ስም። ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ፣ አንተ ነህ የምታመጣልኝ።»

ሲናገሩ ዓይናቸው ናግላ ላይ ነበር። የሁላችንም ዓይን እዚያው ሄደ፤ ያሳፍራል፣ ግን ሄደ። ሰርቨሩን ያጋዘችው እሷ፣ ሙከራዋ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት፣ ስሟን ለመጻፍም አራት ፊደል አይሞላ።

ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ወንበራቸውን ሳቡ፤ ደብተሩን ገለጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲመረምሩ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ፊታቸው ላይ ደስታ ፈለግሁ፤ ግን አልነበረም። ውጭ ቃሲም ገብቷል፤ ዝናቡ ከባሕሩ ጋር ተቀላቅሎ ሕንፃውን በጥፊ ይለዋል።

«ስምሽ?»

«ባሽመሐንዲስ፣ ስሜን ያውቁታል።»

«ለመዝገብ ነው።»

«ናግላ።»

«ቁርስ በላሽ?»

«እ?»

«ሰው በባዶ ሆዱ ቃሉን ሲሰጥ ይዋሻል። ቁርስ።»

«አልበላሁም። ባቡሩ ሲዲ ጋብር ጋ ቆሞ ቀረ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ።»

ጻፉት። ዓም ሸሐታ ሳይታዘዝ አንድ የፉል ዳቦ አምጥቶ አጠገቧ አኖረ። አልነካችውም።

«ዘበኛውን ማነው የነካው?»

«ማንም። እኔም አልነካሁትም፤ ቀዳሁት።»

«መቅዳት መንካት አይደለም?»

«ፎቶ ያነሳ ሰው ፊት ነካ ይባላል?»

እኔ ሳቄን በሳል ደበቅሁ። ክቡርነታቸው ቀና ብለው አዩኝና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። «ትመልሳለች» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ፤ ይህም በአረንጓዴ የገባ ይመስለኛል።

እሳቸው ሰውን ሲጠይቁ ናግላ ማሽኑን ትጠይቅ ጀመር። በዚህ ልጅቷን አደንቃታለሁ፤ ገመዱ አንገቷ ላይ ሆኖ ሥራዋን አልተወችም። ስክሪፕቶቹ በሙሉ መድረሳቸውን አየች፤ ደርሰዋል። እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸው እንደሆነ አየች፤ ተፈቅዶላቸዋል። በእጇ ቀሰቀሰቻቸው። ተነሱ፣ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ተኙ። ስህተት እንኳ አላሉም። «ይጮህ ቢሆን አገኘው ነበር» አለች፤ «ዝም የሚል ነገር ነው የሚያስቸግረው።» ከዚያ ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር ማንበብ ያዘች። የምንሰማው ዝናቡንና የአፏን ሹክሹክታ ነበር።

«ባሽመሐንዲስ» አለች ድንገት፤ «ይኼ ዘበኛ ራሱ አይፈትሽም። ፈታሹን ከሌላ ቦታ ነው የሚጠራው። ከአንድ ሰው የግል ማህደር።»

«ከማን?»

«ሰብሪ ከሚባል ሰው። ሰብሪ ማነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ወደ ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ዞርን።

ሰብሪ ማን እንደነበር ምን ብላችሁ ትነግሯታላችሁ? ከባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ጋር ፊት ለፊት በሁለት ጠረጴዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። ሁላችንም አንተ ነበር የምንለው፤ አንቱታ የማይቀመጥበት ሰው ነበር። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይጠግን ነበር፤ «ማነው የነካው?» ሲባል ሰብሪ ከጠረጴዛ ሥር «እኔ ነኝ፣ ገመዱን አቀብለኝ» ይል ነበር፤ ነክቶትም ባይሆን። የዛሬ ሦስት ዓመት ትራም ሲጠብቅ ልቡ ቆመ። አካውንቱን ግን ከሰርቨሩ ማንም አላጠፋውም። ሀዚም ቤይ ሁለት ጊዜ ይጥፋ ብለው ነበር፤ ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ሁለቱንም ጊዜ «ከነካነው የሚበላሽ ነገር አለ» አሉ። ሰበብ መስሎን ነበር። ለራሳቸውም ሰበብ ይመስላቸው የነበረ ይመስለኛል።

«ሞቷል» አላት ዓም ሸሐታ።

ናግላ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች፤ «አዲሱ ሰርቨር ላይ በዚህ ስም ሰው የለም። ማህደሩም አልመጣም። ዘበኛው ፈታሹን ይጠራል፤ የሚመልስለት ያጣል። ከዚያ እዚህ መስመር ላይ፣ ፈታሹ ካልተገኘ ሁሉንም አሳልፍ ይላል።»

«ሁሉንም አሳልፍ?» አልኩ እኔ። «ዘበኛ እንዲህ ይባላል?»

«ጎኑ ላይ ማስታወሻ አለ።»

«አንብቢው» አሉ ባሽመሐንዲስ።

«‹ሰው በር ላይ አይቁም፣ ነውር ነው› ይላል።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ያው ሰው ፊቱን አዞረ። ሰብሪ እንዲህ ነበር። ቤቱ የሄደ ሰው በሩን ሳያንኳኳ ተከፍቶ ነው የሚያገኘው። ይህ ደግነቱ ኮድ ውስጥ ገብቶ፣ ለአሥር ቀን ስንት ስህተት «እንኳን ደህና መጣህ» እያለ አስገባ።

«እና ለምንድነው ስሙ አዲሱ ላይ ያልኖረው?» ባሽመሐንዲስ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «አካውንቶቹን በምን ፈጠርሻቸው?»

«በዝርዝር።»

«በየትኛው ዝርዝር? ማነው የጻፈው?»

ናግላ ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት አንስታ ከደብተሯ ሥር ሸጎጠች። «አላስታውስም» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት የጠየቀ ሰው ውሸትን በጠረኑ ያውቃል። «ናግላ፣ ልጄ» አሉ፤ ልጄ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ «ወረቀቱን ስጪኝ።»

«ይቅር ባሽመሐንዲስ። የእኔን ስም ይጻፉ። እኔ ገና ነኝ፣ ሌላ ቦታ አገኛለሁ።»

«ለመዝገብ ነው።»

ሰጠቻቸው። አጠገባቸው ነበርኩና አየሁት። ወደ አዲሱ ሰርቨር የሚሻገሩ ሠራተኞች ስም፣ አሥራ ሦስት፣ አንድ በአንድ፣ በአረንጓዴ።

ያን ጊዜ ነው የራሴን ድርሻ ያስታወስኩት። ዝርዝሩን የጻፉ ዕለት ስልክ ላይ ነበርኩ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ሀዚም ቤይ ሠራተኛ ሲሉ አሁን ያለውን ብቻ ነው፣ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። አፌ ሥራ ላይ ስለነበር በጭንቅላቴ አዎ አልኳቸው። እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ሳይወርድ ብዙ ቆየ። የአንዳችን የአባት ስም የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር።

ደብተሩ ተዘጋ። ዝናቡ ያለ እኛ ቀጠለ።

አሁን እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ፤ ብልህነት መስሎኝ ነበር። «ባሽመሐንዲስ» አልኩ፤ «ሰብሪ ብለው ይጻፉ። ውሸትም አይደለም፤ ሁሉን አሳልፍ ያለው እሱ ነው። ሀዚም ቤይ ስም ብለዋል፣ ስም ያገኛሉ። ከእሑድ ጀምሮ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ሦስት ዓመት ሆነው ካልተቀመጠ።»

«እውነቷን ነው» አለ ዓም ሸሐታ። «እሱ ራሱ ቢሰማ ይስቃል። ‹ጻፈኝ ሩሽዲ፣ ምን ያመጡብኛል?› ነው የሚልዎት።»

ሌሎቹም እንዲሁ አሉ። ናግላ ብቻ ከማሽኗ ቀና አላለችም። የናግላ እንጀራ፣ የባሽመሐንዲስም ማዕረግ፣ በአንድ የሙት ስም ሊተርፍ ነው፤ ማን ይጎዳል?

ቀስ ብለው ተነሱ። ካፖርታቸውን ሲደርቡ አንዱ እጅጌ ጠፋባቸው፤ ዓም ሸሐታ አስገባላቸው።

«ሙት ወቃሽ አታድርጉኝ» አሉ። «እኔ ሰው የምጠይቀው መልስ እንዲሰጠኝ ነው። ስከሰው ይከራከረኛል፣ ይሰድበኛል፣ ፎቶ ያነሳ ፊት ነካ ይባላል ወይ ይለኛል። መመለስ የማይችለውን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

ወጡ። ናግላ ዘበኛውን ለማዳን ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም፦ የሰብሪን ፈታሽ ከአሮጌው ሰርቨር አወጣችው፣ የማንም ባልሆነ የጋራ ማህደር አኖረችው፣ «አሳልፍ» የሚለውን «አስቁም» አለችው። ከዚያ ስክሪፕቱን ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡ ውስጥ አስገባችው። የሰብሪን ማስታወሻ ግን አልደመሰሰችም። ዛሬም ዘበኛችን ሰውን በር ላይ ያቆማል፤ ጎኑ ላይም ይህ ነውር እንደሆነ ተጽፏል።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ባሽመሐንዲስ ሩሽዲ ክራባት አስረው ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጡ። ወረቀቱን በኋላ አየሁት፤ ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስም በሚለው ቦታ «ሩሽዲ አል-በህነሲ» ይላል። ምክንያት በሚለው ደግሞ «ዝርዝር ሲያዘጋጅ አንድ ሰው ረስቶ» ይላል።

በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ውሸት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አልረሱም።

ሀዚም ቤይ ጨካኝ አይደሉም፤ ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ አንዳንዴ ያው ነው። ከእሑድ ጀምሮ ያ ወንበር ባዶ ሆነ። ባሽመሐንዲስ ሩሽዲን አሮጌ ማሽኖቻችን ወደሚከመሩበት ቡርጅ አል-ዐረብ መጋዘን ላኳቸው፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ቁልፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የማይገባበት። ናግላ ሙከራዋን አለፈች። ስትፈርም አየኋት፤ ደስ አላላትም።

እኛስ ምን ሆንን? ሰላም አገኘን። አሁን አንድ ነገር ሲበላሽ ቅጽ ይሞላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሆነ ሰው መጥቶ ጠግኖ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ስንት ዓመት የተመኘነው ይህን አልነበር?

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኅቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ቢሮ ውስጥ ለማንም አልተነፈስኩም ነበር፤ ባሽመሐንዲስ ያወቁት የጠፋ ስቴፕለር ሲመረምሩ ነው። «ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?» ብለው፣ «ሆስፒታል» ስል፣ «ማን ታመመ?» ብለው፣ ስቴፕለሩን ረስተው ሁለት ገጽ ጻፉ። ከዚያ በየሳምንቱ አዲስ የጠፋ ዕቃ እየፈለጉ ይጠይቁኝ ነበር። ዓም ሸሐታ የስኳር በሽተኛ መሆኑን የምናውቀው በእሳቸው ነው። ያ ጥቁር ደብተር ቢገለጥ የጥፋታችን መዝገብ አይመስለኝም። የት እንደዋልን፣ ቁርስ እንደበላንና እንዳልበላን፣ ባቡራችን ስንት ደቂቃ እንደቆየ የጻፈልን ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ ስመለስ ማዕበሉ የጠረጴዛዬን መስኮት ሰብሮ ጠበቀኝ። መስታወቱ ወረቀቴ ላይ፣ ውሃው ወንበሬ ላይ። አንድ የማላውቀው ሰው ቅጽ ይዞ መጣ፤ ክፈፉን ለካ፣ ጠረገ፣ ቁጥር ጻፈና ሄደ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ስልኩን አነሳሁና ቡርጅ አል-ዐረብ ደወልኩ። ቶሎ ተነሳ፤ ከስልኩ አጠገብ ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስለኝም።

«ባሽመሐንዲስ፣ ኢንቲሳር ነኝ። መስኮቴ ተሰበረ።»

እዚያም ነፋስ አለ፤ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማል። ነፋሱ ነው የሰበረው ብዬ መጨረስ እችል ነበር። ነፋሱ እንደሆነ እስክንድርያ በሙሉ ያውቃል።

«ማን እንደሰበረው አላወቅንም» አልኩ።

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀስ በይ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

ውሃውን ከወንበሬ ላይ በእጅጌዬ ጠራርጌ ተቀመጥኩና፣ አንዲት ደቂቃ ሳልዘል፣ ከቤት ከወጣሁበት ጀመርኩ።